ካሳ አንዴ ነው፣ ገቢ ግን በየዓመቱ

(ዑድ፣ ሪያድ፣ በአርብ ስብሰባችን የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዕረፍት ያላችሁም፣ ማዳምን ለምናችሁ ለሁለት ሰዓት የወጣችሁም፣ እንኳን መጣችሁ። ቡናው እስኪፈላ ጨርሺ ተብያለሁ፤ እሞክራለሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ባለፈው ወር በተነሳ ነገር ነው። ከመካከላችን ለአንዷ አባቷ ደወሉላት። «ልጄ፣ ሰዎች መጥተው መሬታችንን ለክተው ሄዱ። የነፋስ መብራት ሊተከልብን ነው። ብዙ ብር ይሰጣል ይባላል። ከእንግዲህ በሰው ቤት አትንከራተቺ፣ ነይ ግቢ» አሏት። እሷም በደስታ እያለቀሰች መጣች። ኮንትራቷ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቷታል፤ ነገ ብትለቂ ቢሏት የምትለቅ ነበረች። እኔ «ቆይ፣ አትቸኩዪ» አልኳት። ቅናት እንዳይመስላችሁ። ነገሩ በኛ ቤት ደርሶ ስላየሁት ነው። ያየሁትን ለሁላችሁም ንገሪ ስላላችሁኝ ነው ዛሬ የቆምኩት።

መጀመሪያ ስለ ነገሩ ትንሽ ላስረዳ። አገራችን መብራት የምታገኘው በአብዛኛው ከውኃ ነው። ዝናብ ሲያንስ ግድቡ ይጎድላል። ነፋሱ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚበረታው በበጋ፣ ውኃው በሚቀንስበት ጊዜ ነው። አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል ተብሎ ነው የነፋስ ማመንጫ መትከል የተጀመረው። አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ 34 ማማ፣ 51 ሜጋ ዋት። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ በጥቅምት 2006 ተመረቀ፤ 84 ማማ፣ 120 ሜጋ ዋት። አዳማ ሁለት በ2007 ተከተለ፤ 102 ማማ፣ 153 ሜጋ ዋት። ከዚያ በኋላ በሶማሌ ክልል አይሻ፣ በአርሲ ደግሞ ኢተያ አጠገብ የአሰላው መጡ። በአዳማ መንገድ ያለፋችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ከአውቶቡስ መስኮት ኮረብታው ላይ ነጭ ነጭ ሆነው ሲዞሩ ይታያሉ።

እዚህም አገር አለ። ከሪያድ በስተሰሜን ሱደይር በሚባል ቦታ 1,500 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ፓነል ተዘርግቷል። ግን እዚያ ፓነሉ ያረፈው በረሃ ላይ ነው። የኛ ማማ የሚቆመው ስንዴ፣ ጤፍና ገብስ በሚዘራበት ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ ገበሬ አለ።

ማማው ራሱ ብዙ መሬት አይበላም። የሚወሰደው መሠረቱ፣ ሲተከል ክሬን የሚቆምበት ሜዳና የመኪናው መንገድ ነው። በማማና በማማ መሃል ያለው መሬት ይታረሳል፣ ከብትም ይሰማራበታል። እናቴ ዛሬም ከማማው ሥር ሽንብራ ትዘራለች። ስለዚህ «ማማ መጣ፣ እርሻ ቀረ» ማለት ልክ አይደለም። «ማማ መጣ፣ ድህነት ቀረ» ማለትም ልክ አይደለም።

ታዲያ ገበሬው ምን ያገኛል? ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጀርመን ወይም አሜሪካ ቢሆን፣ ማማ መሬቱ ላይ የተተከለበት ገበሬ በየዓመቱ ኪራይ ይከፈለዋል፤ ማማው እስካለ ድረስ፣ ሃያ ምናምን ዓመት። በድርቅ ዓመት እህሉ ቢቀር ኪራዩ አይቀርም። ጎረቤታችን ኬንያም የማሳይ ሰዎች በሚኖሩበት በካጂያዶ ኪፔቶ የሚባል 100 ሜጋ ዋት ማመንጫ አለ። መሬቱ የቤተሰቦቹ የግል ስለሆነ ተከራዩት እንጂ አልወሰዱባቸውም። ለአካባቢው ሕዝብም 5 በመቶ ድርሻ ተይዞለታል። ኬንያ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። እዚያው አገር በቱርካና ሐይቅ በኩል 365 ማማ ያለው ትልቅ ማመንጫ አለ፤ የመሬቱ ካርታ በሕጉ መሠረት የወጣ አይደለም ብሎ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ወስኗል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ ማማ ሲመጣ ገበሬው አከራይ አይሆንም። መሬቱ «ለሕዝብ ጥቅም» ተብሎ ይወሰዳል፣ ለሱም ካሳ ይከፈለዋል። ኪራይ በየዓመቱ ይመጣል። ካሳ አንዴ መጥቶ ያበቃል። አባቶቻችን ይህን ልዩነት ማንም አስቀምጦ አልነገራቸውም።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልውሰዳችሁ። የትኛው ማመንጫ እንደሆነ አልጠራም፤ አያስፈልግም። ጥፋቱ የኛው ነበርና።

አባቴ ስድስት ጥማድ መሬት ነበረው። ሁለቱ ጥማድ ለማማና ለመንገድ ሄደ። የዚያን ጊዜው ሕግ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ ይወጣና በ10 ይባዛ ይል ነበር። ከሁለቱ ጥማድ በዓመት 10 ኩንታል ስንዴ እናገኝ ነበር። ኩንታሉ በአማካይ በ500 ብር ታሰበ። 5,000 በ10 ሲባዛ 50,000 ብር። እኛ ቤት ያን ያህል ብር ታይቶ አይታወቅም። አባቴ ያን ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን አደረ፤ እናቴም እንደዚሁ፤ እሷስ ሌባ ፈርታ ነው።

ብሩ የት ሄደ? ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ይህስ ደግ ነው፣ እስከዛሬ አለ። የአያቴ ተዝካር ተደገሰ፣ በሬ ተጣለ፣ ሰው በላ። ታላቅ ወንድሜ ተዳረ። የአጎቴ ልጅ ለባጃጅ የሚከፍለው ጎድሎብኛል ብሎ ተበደረ፤ እስከዛሬ «እከፍላለሁ» እንዳለ ነው። የቀረው ብር ለደላላ ተከፈለ። የደላላው ብር ለማን ነበር? ለኔ። ወደዚህ አገር መጀመሪያ የመጣሁት በዚያ ካሳ ነው። አንዳንዴ ስቀልድ «እኔን ነፋስ ነው ያመጣኝ» እላለሁ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል። የካሳው ስሌት የአስር ዓመት ምርት ነው ይላል። በወረቀት እውነት ነው፤ ግን በዚያ ዘመን ዋጋ ነው የተሰላው። ዛሬ አንድ ኩንታል ስንዴ ስንት እንደሚገዛ ሐዋላ የምትልኩ እናንተ ታውቃላችሁ። የአስር ዓመት የተባለው ብር ሳይበላ ቢቀመጥም እንኳ አስር ዓመት አያደርስም ነበር። የኛማ ሁለት ዓመት አልሞላውም።

እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ ሁለት ዓመት ላክሁ። ለማዳበሪያ፣ ለሐኪም፣ ለታናናሾቼ ደብተርና ጫማ። ሁሉም ተገቢ ነው። ከዚያ በኅዳር 2006 መንፉሃ የሆነውን የማታውቅ የለችም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ተመለሱ። እኔም አንዷ ነበርኩ። አንድ ሻንጣ እንኳ ሞልቶ አልነበረም።

ቤት ስገባ ማማው እየዞረ ነው። እኛ ቤት ግን ያኔ መብራት አልገባም ነበር። አንድ ማታ ከእናቴ ጋር በኩራዝ ተቀምጠን ቆጠርን። ከመሬቱ ምን ገባ፣ ከኔ ምን ገባ፣ ምን ቀረ? ቆርቆሮው ቀረ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ መሬቱም ተከፈለበት፣ አንቺም ተከፈለብሽ። ሁለቱንም በላናቸው።»

ያን ቀን ነው የገባኝ። እኛ እዚህ የምናገኘው ደመወዝም እንደ ካሳው ነው። የሚከፈለን ጉልበታችን እስካለ፣ ኢቃማችን እስካለ ነው። መሬቱ ቢያንስ ከማማው ሥር ይታረሳል። የኛ ዕድሜ ግን ተመልሶ አይታረስም። ካሳም ሆነ ደመወዝ፣ አንዴ የሚመጣ ብር በየዓመቱ ወደሚመጣ ነገር ካልተለወጠ ያልቃል። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

እሺ፣ አሁን ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ምን ትጠይቃላችሁ? ያኔ የነበረው ሕግ ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጥቷል፤ በኋላም ማሻሻያ ተደርጎበታል፣ ክልሎችም የየራሳቸው መመሪያ አላቸው። ስለዚህ ከኔ የሰማችሁትን ይዛችሁ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ ቤተሰቦቻችሁን አደራ በሏቸው።

አንደኛ፣ ደብተሩ በማን ስም ነው? በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶም ጭምር አለበት። የእናታችሁ ስም ካለበት ካሳውም የእናታችሁ ነው። ሲከፈል እሷም ትቁም፣ የባንክ ሒሳቡም በሁለቱ ስም ይከፈት። እኛ ቤት አባቴ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ፈረመ። እናቴ ብትኖር ኖሮ ለባጃጁ አንድ ሳንቲም አታበድርም ነበር!

ሁለተኛ፣ ምትክ መሬት አለ ወይ? በአዋጅ 1161 ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተሰጠ የአንድ ዓመት ገቢ ይከፈላል። ምትክ ከሌለ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። አባቶቻችን ብሩ ላይ ያተኩራሉ። መሬት የሚገኝ ከሆነ ግን መጀመሪያ መሬቱን ጠይቁ እላለሁ። መሬት ድግስ አይደገስበትም።

ሦስተኛ፣ የተቆጠረው ምንድን ነው? ካሳ ለመሬቱ ገቢ ብቻ አይደለም። ዛፉም፣ ቤቱም፣ የጉድጓድ ውኃውም፣ መሬቱ ላይ የተሠራው እርከንም ይገመታል። ገማቾቹ ከመምጣታቸው በፊት ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ባሕር ዛፉን ቆጥሮ በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ለእናንተም ይላክላችሁ። ስልካችሁ ውስጥ ያለ ፎቶ ቤት አይቃጠልም፣ አይጥ አይበላውም።

አራተኛ፣ ጊዜው። ሕጉ ገበሬው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲነገረውና እንዲወያይ ያዛል። ቅር ያለው ደግሞ ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። «አርብ ስደውል እነግራታለሁ» እያሉ ከቆዩ ቀኑ ያልፋል። ወረቀት በመጣ ቀን ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ ንገሯቸው።

አምስተኛ፣ ለጊዜው ብቻ የተወሰደው የቱ ነው? በግንባታ ጊዜ ድንጋይ የሚራገፍበት፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ አለ። እሱ ለዘለቄታው ከሚወሰደው ተለይቶ ይጻፍ፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ሲመለስም የላይኛው አፈር ተመልሶ መልበሱን አይታችሁ ፈርሙ በሏቸው። አፈሩ ተገፎ የተመለሰ መሬት ድንጋይ ነው የሚያበቅለው።

አንድ ነገር ልጨምር። መለካት መተከል አይደለም። ማማ ከመቆሙ በፊት የነፋሱ ጉልበት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይለካል፤ ገንዘብ ይፈለጋል፣ ውል ይፈረማል። ተለክተው ሳይተከልባቸው የቀሩ ብዙ ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ሜትር ይዞ የመጣ ሰው አይታችሁ ኮንትራት አታቋርጡ፣ በካሳው ስምም አትበደሩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዞዬ ልመለስ። በ2010 የውጭ ሥራ ስምሪት እገዳው ተነሳ። እኔ በ2011 በኮንትራት ተመልሼ መጣሁ። አባቴ ከዚያ በፊት ዐርፏል። በዚህኛው ጊዜ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፤ ለወር ቀለብ ከምልከው ሌላ አንዱን ዕቁብ ለአንድ ነገር ብቻ አውላለሁ ብዬ። አሥራ ሁለት ሆነን በወር 500 ሪያል የምንጥለው ዕቁብ ነበረን። ሲደርሰኝ 6,000 ሪያል ሆነ። ወንድሜ አንድ ወይፈንና ሁለት በግ ሸጦ ጨመረበት። ጓሮ ካለው ጉድጓድ ውኃ የሚስብ የሶላር ፓምፕ ገዛን።

በመጀመሪያ ተታለልን፤ ይህንንም ልንገራችሁ። ከአንድ ሱቅ በርካሽ የተገዛው ፓነል የተጻፈበትን ያህል ጉልበት አልነበረውም፤ ፓምፑ እኩለ ቀን ላይ ብቻ ነበር የሚነሳው። ዋስትና ወረቀት አልያዝንም፣ ሱቁም አልመለሰልንም። ሁለተኛውን ስንገዛ ወንድሜ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይዞ ሄደ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ በፀሐይ አስለክቶ፣ ዋስትናውን በእናቴ ስም አጽፎ ገዛ። ባትሪ አልገዛንም። ለፓምፕ ባትሪ አያስፈልግም፤ ቀን ውኃው ወደ ሮቶ ይወጣል፣ ማታ ከሮቶው ይወርዳል። ባትሪ በጥቂት ዓመት ይሞታል፤ ጥሩ ፓነል ግን 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። እንደ ቤንዚን ሞተር በየቀኑ ነዳጅ አምጣ አይልም።

ዛሬ ከዚያች ጓሮ በበጋ ሽንኩርትና ጎመን ይወጣል። የወንድሜ ሚስት ደግሞ በትንሽ ፓነል የጎረቤት ስልክ በ10 ብር ትሞላለች፤ በገበያ ቀን ሰው ይሰለፋል። እጃቸው ላይ ብር ስላለ ማዳበሪያ ሲመጣ ለኔ አይደወልም። ሁልጊዜ ተሳክቷል ማለቴ አይደለም። አንድ ዓመት ሽንኩርት ረክሶ ማሳው ላይ ልንተወው ነበር። ግን በዚያም ዓመት ፓምፑ አልተበላም፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎመን አወጣ።

የሰራንበት ስምምነት ደግሞ ይህ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ተጻፈ። ከትርፉ እኩሌታው የወንድሜ ነው፣ ድካሙ የሱ ነውና። እርቦው የእናቴ፣ የመሬቱ ባለቤት ናትና። እርቦው በኔ ስም ባንክ ይገባል። «ከወንድምሽ ጋር ወረቀት ትጽፊያለሽ?» ብለው የሳቁብኝ ነበሩ። በመሬት እኩል ስናርስ፣ ሲሶ ስናርስ የኖርን ሰዎች ነን፤ ስምምነት አዲስ ነገር አይደለም። ወረቀቱ ወንድሜንም ነው የጠበቀው፤ እኔ ስመለስ «ሁሉም የኔ ነው» ብዬ እንዳልነሳበት።

ስለዚያች እህታችን ልንገራችሁና ላብቃ። ያን ዕለት ማታ አባቷ ጋ ደወለች። «አባዬ፣ ደብተሩ በማን ስም ነው?» አለቻቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «የእናትሽም አለበት መሰለኝ፣ ላውጣው» አሉ። ደብተሩ ከሳጥን ወጣ፤ የእናቷም ስም፣ ፎቶዋም አለ። ባሕር ዛፉንም ታናሽ ወንድሟ ቆጠረ፤ 212 ነው። እሷ ስምንት ወሯን ልትጨርስ ነው። ማማው ከመጣ ለምን እንደሚውል ከወዲሁ ከእናትና ከአባቷ ጋር እየተነጋገሩ ነው። ካልመጣም የቀረባቸው ነገር የለም።

እናንተም ዛሬ ማታ ስትደውሉ «ደኅና ናችሁ?» ካላችሁ በኋላ ሁለት ነገር ጠይቁ። ደብተሩ በማን ስም ነው? ባለፈው ዓመት ከላክሁት ውስጥ ዛሬ ገቢ የሚያመጣ ምን አለ? ለሁለተኛው መልስ ካጣችሁ አትዘኑ፣ ቤተሰባችሁንም አትቆጡ። እኔም መልስ ሳጣ ነው የጀመርኩት። በሚቀጥለው አርብ መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ዕቁቡን ለምን እንደምናውለው አብረን እናስባለን።

አሁን ቡናውን አቅርቡልን።